በሉፐስ በታመመ ኩላሊት ውስጥ የመከላከያ ሕዋሳት ምን ይሠራሉ? ጥያቄዬና የተሰጡኝ 23 መልሶች

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት በመስከረም መጨረሻ ነው። ከዚያ ወዲህ መልሶቹ እየበዙ፣ አንዱ ሌላውን እየጠቀሰ፣ አንዳንዴም ከመንገድ እየወጣ ስለሄደ፣ አዲስ የሚመጣ አንባቢ ከመሃል ገብቶ እንዳይቸገር በቅደም ተከተላቸው ልተርካቸው ወሰንኩ። የጸሐፊዎቹን ቃል አልገለብጥም፤ የተረዳሁትን በራሴ አነጋገር እጽፋለሁ፤ የማልስማማበት ቦታ ሲደርስም አለመስማማቴን አልደብቅም።

ጥያቄዬ ይህ ነበር። ታናሽ እኅቴ 26 ዓመቷ ነው፤ ከእናታችን ጋር ብቸና አጠገብ ትኖራለች። ካቻምና ኅዳር ላይ ጤፍ አጨዳው ሲያበቃ በሁለቱ ጉንጮቿና በአፍንጫዋ አጥንት ላይ ቀይ ሽፍታ ወጣባት። ቤተ ዘመዱ ሁሉ ምች ነው አለ፤ ዳማከሴ ታሽቶ ተቀባችም፣ ጠጣችም። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ሲላት ደግሞ ቁርጥማት ተባለ። አምና በጥር ግን ከእንቅልፏ ስትነሣ ዓይኗ እስኪጠብ ድረስ ፊቷ ያብጥ ጀመር፤ የጫማዋ ማሰሪያ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የሚተወው ጎድጓዳ ምልክት እስከ ማታ አይጠፋም ነበር። ሽንቷ ላይ አረፋ አየች፤ ጠላ ሲቀዳ በዋንጫው አፍ ላይ እንደሚቆየው ያለ፣ ቶሎ የማይከስም አረፋ። ደብረ ማርቆስ ስትመረመር በሽንቷ ውስጥ ብዙ ፕሮቲን ተገኘ። ወደ አዲስ አበባ ተልካ ከኩላሊቷ በመርፌ ናሙና ተወሰደና ሉፐስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት በሽታ፣ ያስከተለው የኩላሊት መቆጣት፣ ቁጥሩም 4 ተባለ። ፕሬድኒሶሎን፣ ማይኮፌኖሌትና ሃይድሮክሲክሎሮኪን ታዘዘላት።

ባለፈው ነሐሴ ሁሉንም ለሦስት ሳምንት አቋረጠች። ያቋረጠችው ቸል ብላ አይደለም። መድኃኒቱን የሰጣት ባለሙያ በችኮላ የነገራት መድኃኒቶቹ የሰውነቷን መከላከያ የሚያዳክሙ መሆናቸውን ብቻ ነበር፤ ከቤት ስትገባ ደግሞ ሊጠይቃት የመጣው ሰው ሁሉ መከላከያሽን አጠንክሪ ይላታል። ታዲያ የትኛውን ትስማ? ስለዚህ ሦስት ነገር ጠየቅሁ። ኩላሊቷን የሚጎዱት የራሷ ጠባቂዎች ከሆኑ የትኞቹ ናቸው? ለምን ተሳሳቱ? እነሱን ማዳከም ትክክል ከሆነስ ነገ ሌላ በሽታ ሲመጣ ማን ይጠብቃታል?

1ኛው መልስ ምሕረት የሚመኝ አጭር ጽሑፍ ነበር፤ ጸሐፊዋን አመሰግናለሁ። ክሩን ያሞቀው 2ኛው ነው። ከቡሬ የጻፉት ነጋዴ፣ ሰው የሚታመመው መከላከያው ሲደክም በመሆኑ፣ ለታመመ ሰው ይህን የሚያባብስ መድኃኒት መስጠት በወደቀ ዛፍ ላይ ምሣር ማብዛት እንደሆነ ተከራከሩ። ነጭ ሽንኩርት በማር፣ ጥቁር አዝሙድና የሽፈራው ቅጠልም አዘዙ። ማስረጃቸው ደግሞ ከሌሎቹ የሰፈር ምክሮች የተሻለ ነበር፤ ሉፐስ ያለባት የአክስታቸው ልጅ በደም ምርመራ ነጭ የደም ሕዋሷ ከሚገባው በታች መገኘቱን በዓይናቸው አይተዋል።

3ኛውን የጻፈው ከፍኖተ ሰላም የላቦራቶሪ ባለሙያ የሆነ ወጣት ነው፤ አጻጻፉም ትሕትና ነበረው። ነጋዴው ያዩት ቁጥር እውነት መሆኑን አምኖ ትርጉሙን አረመ። በሉፐስ ሰውነት የራሱን ነጭ የደም ሕዋሳት ጭምር የሚያጠቁ ፀረ እንግዳ አካላትን (ባዕድ ነው ከተባለ ነገር ጋር የሚጣበቁ የመከላከያ ፕሮቲኖችን) ስለሚሠራ፣ በተለይ ሊምፎሳይት የሚባሉት፣ ማለትም ቢ እና ቲ ሕዋሳት ያሉበት ቡድን፣ ቁጥራቸው ብዙ ጊዜ ያንሳል። ይሁን እንጂ ቁጥራቸው አነሰ ማለት ደከሙ ማለት አይደለም፤ የቀሩት ከልክ በላይ ነቅተው ወደ ውስጥ ይተኩሳሉ። ከዚያም እኔ በእኅቴ ወረቀቶች ላይ እያየሁ የማልረዳቸውን ምርመራዎች አብራራልኝ። አንደኛው የሕዋስን አስኳል፣ በተለይም በውስጡ ያለውን የዘር መረጃ የያዘውን ዲኤንኤን የሚያጠቃ ፀረ እንግዳ አካል መኖሩን ይፈትሻል። ሲ3 እና ሲ4 የሚባሉት ደግሞ ኮምፕሊመንት ከተባለው በደም ውስጥ ከሚዘዋወር የፕሮቲን ቡድን ናቸው፤ በኩላሊቱ ውስጥ እሳቱ ሲነድ እንደ ማገዶ እዚያው ስለሚያልቁ በደም ውስጥ ያለው መጠን ይወርዳል። የመጀመሪያው ሲወጣ፣ ሁለቱ ሲወርዱ ሐኪም የሚሠጋው ለዚህ ነው።

4ኛው ረዥሙ መልስ ነው፤ ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው በባሕር ዳር የሚሠሩ የውስጥ ደዌ ሐኪም ናቸው። ነገሩን የጀመሩት ከኩላሊት ሳይሆን ከጽዳት ነው። በሰውነታችን ውስጥ በየቀኑ በቢሊዮን የሚቆጠሩ ሕዋሳት ይሞታሉ፤ ማክሮፋጅ የሚባሉት በላተኞች ሕዋሳት አስከሬኑን፣ አስኳሉ ሳይፈስ በፊት፣ ያነሡታል። ሲ1ኪው የተባለው የኮምፕሊመንት ፕሮቲን የሚነሣውን ምልክት በማድረግ ያግዛቸዋል፤ ይህን ፕሮቲን ሳይዙ ከተወለዱት ጥቂት ሰዎች አብዛኞቹ ሉፐስ የሚይዛቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ጽዳቱ ሲዘገይ ዲኤንኤው መታየት በማይገባው ቦታ ይታያል። ቢ ሕዋሳት ከሚባሉት መካከል ዲኤንኤን እንደ ጠላት የሚያዩ ጥቂቶች በማንኛውም ሰው ውስጥ ይፈጠራሉ፤ በጤነኛው ሰው ይታገዳሉ ወይም ይጠፋሉ። በሉፐስ ግን አጋዥ ቲ ሕዋሳት ያበረታቷቸዋል፤ እነሱም ፕላዝማ ሕዋስ ወደሚባል የፀረ እንግዳ አካል ፋብሪካ ይለወጣሉ። የተመረተው ፀረ እንግዳ አካል ከዲኤንኤው ጋር ተጣብቆ በኩላሊት ማጣሪያ ላይ ይቀመጣል፤ ኮምፕሊመንት ይቀጣጠልበታል፤ የቃጠሎውን ሽታ ተከትለው ኒውትሮፊልና ሞኖሳይት የተባሉ ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ይጎርፋሉ። ሐኪሙ አጥብቀው ያሳሰቡት ነጥብ እነዚህ ኋላ የደረሱት ሕዋሳት ያልተለመደ ነገር የማይሠሩ መሆናቸውን ነው። ተህዋሲያን ቢያገኙ ኖሮ የሚረጩትን ያንኑ ኬሚካል ይረጫሉ፤ ነገር ግን እዚያ ተህዋሲያን ስለሌሉ የሚቀደደው የማጣሪያው ግድግዳ ነው።

ይህን ለእናቴ ያስረዳሁት በእኛው አገር ነገር ነው። ሌሊት ከአንዱ ግቢ እሪታ ሲሰማ ከየጋራው ዱላና መሣሪያ ይዞ ሰው ይደርሳል፤ የደረሰው ሰው ጥፋተኛ አይደለም፤ የተጠራው በከንቱ ከሆነ ግን በጨለማ የሚረገጠው የዚያው የባለቤቱ ቡቃያ ነው። እናቴ ወዲያው የጠየቀችኝ መጀመሪያ እሪ ያለው ማን እንደሆነ ነበር። ጥያቄዋ ከእኔ የተሻለ ስለሆነ በክሩ ላይ ጨመርኩት፤ መልሱ 9ኛው ላይ ይመጣል።

5ኛው መልስ ጥያቄ ነበር። ደጀን ያለ አንድ ተማሪ ይህ ሁሉ በደም ውስጥ የሚዘዋወር ከሆነ ለምን ጉበት ወይም ሌላ አካል ሳይሆን ኩላሊት እንደሚመረጥ ጠየቀ። በ6ኛው መልስ ሐኪሙ ተመለሱ። ሉፐስ ብዙ አካል እንደሚነካ፣ ነገር ግን ከታማሚዎቹ እስከ ግማሽ የሚደርሱት ኩላሊታቸው እንደሚታመም ገለጹ። ከልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛው ያህል ወደ ኩላሊት ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ኩላሊት አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ የማጣሪያ ቋጠሮዎች አሉ፤ በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ያጣራሉ። በወንፊት የሚነፋ ሰው ጉድፉን የሚያገኘው ወንፊቱ ላይ ነው።

ቀጥሎ የጻፉት ለእኔ የክሩ ትልቁ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የተሻሻለው ምደባ ስድስት ምድቦች ሲኖሩት፣ ቁጥሮቹ እንደ ደረጃ የሚወጡ አይደሉም። እኛ ቤት 4 ሲባል ወደ መጨረሻው የቀረበች መስሎን አልቅሰናል፤ የነገረን ሰው አልነበረም። ምድቡ የሚናገረው ክምችቱ የማጣሪያው ግድግዳ የትኛው ወገን ላይ እንደተቀመጠና ምን ያህሉ ቋጠሮ እንደተነካ ነው። በምድብ 3 እና 4 ክምችቱ በደም በኩል ባለው ወገን ስለሚቀመጥ በደም ውስጥ ያሉ ሕዋሳት ያዩታል፤ ስለዚህም ይጎርፋሉ፤ ከቋጠሮዎቹ ግማሽ ወይም ከዚያ በላይ ሲነኩ ቁጥሩ 4 ይሆናል። በምድብ 5 ግን ክምችቱ ከግድግዳው ማዶ በሽንት በኩል ስለሆነ የደም ሕዋሳት ብዙም አይደርሱበትም፤ ፕሮቲን እንደ ወንዝ ይፈሳል እንጂ የሕዋስ ጉርፉ አነስተኛ ነው። ያው ፀረ እንግዳ አካል ሆኖ ሳለ የጥቂት መቶ ናኖሜትር የቦታ ልዩነት የበሽታውን ጠባይ ይለውጣል። የእኅቴ መድኃኒት ለምን እንደጠነከረ የገባኝ ያን ቀን ነው።

በ7ኛው መልስ ድምፁ ሻከረ። አንድ ሰው ይህ ሁሉ የባዕድ ትንታኔ መሆኑን፣ አባቶቻችን ያለ ናሙናና ያለ መርፌ በጠበል ይድኑ እንደነበር፣ እኔም እኅቴን ወደ ጊሽ ዓባይ መውሰድ ሲገባኝ የሐኪም መጫወቻ እንዳደረግኋት ጻፈ። በጣም ከፋኝ። መልስ ጽፌ ሳልልክ እያለሁ 8ኛው ደረሰ። የጻፉት ሞጣ አካባቢ የሚያገለግሉ መሪጌታ ናቸው። ጠበሉን መጠመቅና መድኃኒቱን መዋጥ እንደማይጣሉ፣ ሕመምተኛ በንስሐ አባቱ ፈቃድ ከጾም እንደሚፈታ፣ ፕሬድኒሶሎን በባዶ ሆድ ሲዋጥ ሆድ ስለሚያቃጥል እኅቴ የንስሐ አባቷን ቀድማ እንድታነጋግር መከሩ። የተቆጣውንም ሰው በአባትነት ገሠጹት። ጉዳዩ በዚያ ቆመ፤ የእኔም መልስ ሳይላክ ቀረ።

9ኛውን የጻፈው የዳንግላ ልጅ ሲሆን ከአገር ውጭ የሰውነት መከላከያ ትምህርትን በድኅረ ምረቃ ያጠናል። የሐኪሙን መልስ ጥሩ ነገር ግን ያረጀ ብሎ መጀመሩን አልወደድኩለትም፤ የያዘው ቁም ነገር ግን ብዙ ነው። መጀመሪያ እሪ ያለው ማን ነው ለሚለው የእናቴ ጥያቄ፣ ብዙዎች ወደ ኒውትሮፊል እንደሚያመለክቱ ጻፈ። ኒውትሮፊል ተህዋሲያንን ለማጥመድ የራሱን ዲኤንኤ እንደ መረብ አውጥቶ የሚዘረጋ መሆኑ እ.ኤ.አ. በ2004 ታወቀ። በሉፐስ ይህ መረብ በቀላሉ ይዘረጋል፣ ቶሎም አይጸዳም። ከዚያ ፕላዝማሳይቶይድ ዴንድሪቲክ የተባሉ ሕዋሳት መረቡን ከፀረ እንግዳ አካል ጋር ይውጡትና የቫይረስ ዲኤንኤ መስሏቸው ኢንተርፌሮን አልፋ ይረጫሉ። ኢንተርፌሮን የቫይረስ ማንቂያ ደወል ነው። ደወሉ ሲደወል ቢ ሕዋሱም ቲ ሕዋሱም ማክሮፋጁም ይነቃል፤ ተጨማሪ ፀረ እንግዳ አካል ይመረታል፤ እሱም ኒውትሮፊሉን መልሶ መረብ ያዘረጋዋል። ስለዚህ ነገሩ ክብ ስለሆነ መጀመሪያ የጮኸውን አንድ ጥፋተኛ መለየት አይቻልም። እናቴ ይህን ስትሰማ ዝም ብላ ቆይታ፣ እንግዲያው ክቡን አንድ ቦታ መቁረጥ ነው አለች።

የዳንግላው ልጅ ከታሪክም አንድ ነገር አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ማዮ ክሊኒክ ሃርግሬቭስና ባልደረቦቹ በሉፐስ ታማሚዎች መቅኔ ውስጥ የሌላ ሕዋስ አስኳል የዋጡ ነጭ የደም ሕዋሳት አይተው ነበር፤ ለብዙ ዓመታትም በሽታው የሚለየው በዚያ ነበር። ዛሬ ደግሞ የእያንዳንዱን ሕዋስ ጂን ለየብቻ በማንበብ ይሠራል፤ እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣ ጥናት በታመመ ኩላሊት ውስጥ 21 ዓይነት የነጭ ደም ሕዋሳት ንዑስ ቡድኖች ተለይተዋል። ከእነዚህ መካከል እሳት የሚያነድዱ ብቻ ሳይሆኑ እሳት የማጥፋትና የመጠገን ጠባይ የሚያሳዩም ተገኝተዋል። ደግሞም በሽንት ውስጥ የወጡት ሕዋሳት ከኩላሊቱ ውስጥ ካሉት ጋር በእጅጉ ተመሳስለዋል፤ አንድ ቀን የመርፌውን ናሙና ሽንት ሊተካው ይችል ይሆናል የሚባለው ለዚህ ነው። ሐኪሙን የነቀፈበት ነጥብም ቀላል አይደለም። ሐኪሙ የጻፉት ስለ ማጣሪያው ቋጠሮ ብቻ ሲሆን፣ ከቋጠሮው ውጭ ባሉት ቱቦዎች ዙሪያ ቲ ሕዋሳት፣ ቢ ሕዋሳትና ፕላዝማ ሕዋሳት ይሰፍራሉ፤ ኩላሊቱ ከዓመታት በኋላ ይቆም ወይም ይዘልቅ እንደሆነ የሚናገረው ብዙ ጊዜ የዚያ ስፍራ ጉዳት ነው።

10ኛው መልስ የሐኪሙ ነበር፤ አጭርና ቆጣ ያለ። ለታማሚ ቤተሰብ ሲጻፍ ሁሉ ነገር እንደማይጻፍ አሳሰቡ። ሆኖም ስለ ቱቦዎቹ የተባለው ትክክል መሆኑንና መጨመር እንደነበረባቸው አመኑ። ማመናቸውን አከብራለሁ።

11ኛው ከርእሱ የወጣ ይመስላል፤ ለእኛ አገር ግን ከሁሉም ይበልጥ ይጠቅም ይሆናል። ደምበጫ አካባቢ የምትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ እግሯ ያበጠ አንዲት ልጃገረድ ዝሆኔ ነው ተብላ ብዙ ወራት እግሯን በሳሙና ስትታጠብ መክረሟን ተረከች። በጎጃም ቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር በሚሄደው ሰው ላይ ዝሆኔ ስለሚበዛ ስሕተቱ የሚያስወቅስ አይደለም። ልዩነቱን ግን እንዲህ አሳየች። ዝሆኔ ከእግር መዳፍ ይጀምራል፤ አንዱ እግር ከሌላው ይበልጣል፤ ቆዳው እየቆየ ይጠነክራል። የኩላሊቱ እብጠት በሁለቱም እግር እኩል ነው፤ ጠዋት ፊት ላይም ይታያል። በአውራ ጣት የቅልጥሙን አጥንት ፊት ለፊት ለጥቂት ሰከንድ ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው፤ በሊጥ ላይ የተጫነ ጣት እንደሚተወው ያለ ጉድጓድ ከቀረ የሽንት ምርመራ ያስፈልጋል። ያን ማታ የእኅቴን ቅልጥም ጫን አደረግሁት። ጉድጓዱ ነበረ፤ ከጥር ወር ግን በጣም ያንሳል።

12ኛው ስለ ምች ነበር። ከእንጅባራ የጻፉ እናት፣ ምች ፀሐይ የሚያመጣው ከሆነና ሉፐስም በፀሐይ የሚብስ ከሆነ፣ ሁለቱ አንድ እንደሆኑ ጠየቁ። በ13ኛው የዳንግላው ልጅ በአክብሮት መለሰላቸው። አብዛኛው ምች የምንለው ከንፈር ላይ የሚወጣው ቁስል በሄርፒስ ቫይረስ የሚመጣና በራሱ የሚድን ነው፤ የሉፐሱ ሽፍታ ጉንጭና አፍንጫን ይይዛል፣ ፀሐይ በነካው ቁጥርም ይመለሳል። የፀሐይ ጨረር የቆዳ ሕዋሳትን ሲገድል አስኳላቸው ይፈስሳል፤ የጽዳቱ ችግር እንደገና ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2021 በአይጦች ላይ የተሠራ ጥናት ደግሞ ጨረር ካረፈበት ቆዳ ኒውትሮፊሎች ተነሥተው ኩላሊት ድረስ እንደሚሄዱ አሳይቷል። በአይጥ የታየ ሁሉ በሰው አለመታየቱን ጨምሮ መጻፉን ወደድኩለት። በእኛ ደጋ ደግሞ ከፍታው ራሱ ጨረሩን ያበረታዋል። እኅቴ ካቻምና ያን ሽፍታ ያወጣችው አጨዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ጎንብሳ ከዋለች በኋላ መሆኑ ያን ጊዜ ትርጉም ሰጠኝ።

14ኛውና 15ኛው እርስ በርሳቸው የተጋጩ ናቸው። 14ኛዋ ጸሐፊ ራሷ ታማሚ ናት። ፕሬድኒሶሎን ፊቷን እንደ ጨረቃ እንዳከበበው፣ ደም ውስጥ ያለ ስኳሯን እንዳወጣው፣ ጀርባዋን እንዳሳመማት፣ ይህ እንደሚመጣ ማንም እንዳልነገራት ጽፋ፣ እኅቴ ማቋረጧ ትክክል እንደነበረ ደመደመች። 15ኛዋም ታማሚ ናት፤ አሁን በሳምንት ሁለት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ላይ ነች። እሷም በዚሁ ምክንያት እንዳቋረጠች፣ ኩላሊት ስለማያምም ስምንት ወር ሙሉ ጤነኛ እንደሆነች መስሏት እንደቆየች ጻፈች፤ 14ኛዋን ጸሐፊም ለሰው ልጅ ሕይወት ግድ የሌላት አድርጋ በጣም ከባድ ቃል ተናገረቻት። ቃሉ ከልክ ያለፈ ነበር። ንዴቱ ግን ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የ14ኛዋም ቁጣ ተገቢ ነው፤ ሊነገራት ይገባ ነበር። ምክሯን ግን ማንም አይከተል።

በ16ኛው መልስ ደብረ ማርቆስ ያሉ የመድኃኒት ባለሙያ ሁለቱንም አረጋጉ፤ ስለ ነሐሴው ማቋረጥ ላነሣሁት ጥያቄም ቀጥተኛውን መልስ የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። መከላከያን ማዳከም የሚለው ቃል ራሱ እንደሚያሳስት ገለጹ፤ እያንዳንዱ መድኃኒት የሚያነጋግረው የራሱ ሕዋስ አለው። ፕሬድኒሶሎን ሁሉንም በአንድ ጊዜ ዝም ያሰኛል፤ ፈጣን የሆነውም፣ ጉዳቱ የበዛውም ለዚህ ነው። አሁን ያለው አሠራር በጥቂት ወራት ውስጥ መጠኑን በቀን ወደ 5 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በታች ማውረድ ነው። በድንገት ማቋረጥ ግን ሌላ አደጋ አለው፤ ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ፕሬድኒሶሎን የሚተካውን ሆርሞን ራሳቸው ማምረት ስለሚያቆሙ ሰውየው ራሱን ሊስት ይችላል። ማይኮፌኖሌት በተለይ ቢ እና ቲ ሕዋሳትን ይይዛል፤ ሌሎች ሕዋሳት የዲኤንኤ መሥሪያቸውን በሁለት መንገድ ሲያገኙ እነዚህ ሁለቱ ሲባዙ በአንዱ መንገድ ላይ ስለሚደገፉ፣ መድኃኒቱም ያን መንገድ ስለሚዘጋ ነው። ሃይድሮክሲክሎሮኪን ደግሞ ለወባ የምናውቀው የክሎሮኪን የቅርብ ዘመድ ሲሆን፣ ዲኤንኤን አሽትተው የኢንተርፌሮንን ደወል የሚያስደውሉትን መቀበያዎች ያደነዝዛል፤ ሰውነትን ለተህዋሲያን አሳልፎ አይሰጥም። መጠኑ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ፣ ዓይንም በየጊዜው እንዲታይ አሳሰቡ። እኅቴ ካቋረጠቻቸው ሦስቱ አንዱ ፈጽሞ የምትፈራው ዓይነት አልነበረም።

እሳቸው ሁለት የቤት ምክር ጨመሩ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ ስላለ የአንድ ወር መድኃኒት ሁልጊዜ በእጅ ይኑር። ለቁርጥማቱ ከመደብር የሚገዛው ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ደግሞ የታመመን ኩላሊት ስለሚጎዱ አይነኩ። እናቴ ሣጥኗን ከፍታ ያገኘችውን ዳይክሎፌናክ ሁሉ አውጥታ ጣለችው።

17ኛው መልስ ሾተላይን አነሣ። አንዲት አዛውንት ልጃቸው ሦስት ጊዜ ፅንስ ከወረደባት በኋላ ሉፐስ እንደተገኘባት ጻፉ። 18ኛው፣ የመድኃኒት ባለሙያው፣ ሾተላይ ተብሎ በሐኪም ቤት የሚታወቀው የእናትና የፅንስ ደም አለመስማማት ከዚህ የተለየ መሆኑን፣ በሉፐስ ግን ደም የሚያረጉ ሌሎች ፀረ እንግዳ አካላት ፅንስ ሊያስወርዱ እንደሚችሉና በምርመራ እንደሚታወቁ መለሱ። ማይኮፌኖሌት ፅንስን ስለሚጎዳ፣ መውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ነግራ አዛታዮፕሪን ወደተባለው ሌላ መድኃኒት መዛወር እንዳለባት አጥብቀው አሳሰቡ። ይህንንም ለእኅቴ የነገራት አልነበረም።

19ኛው የዳንግላው ልጅ ነው። በጀርመን አገር በኤርላንገን እ.ኤ.አ. በ2021 ኩላሊቷ በሉፐስ ለታመመ አንዲት የ20 ዓመት ወጣት የራሷን ቲ ሕዋሳት አውጥተው፣ ቢ ሕዋስን እንዲያድኑ አድርገው ቀይረው መለሱላት፤ በቀጣዩ ዓመት የአምስት ሰዎች ውጤት ታተመ። ቢ ሕዋሳቱ ጠፉ፤ ከወራት በኋላ አዲስ ቢ ሕዋሳት ሲመለሱ የዲኤንኤ ጠላቶቹ አብረው አልተመለሱም፤ መድኃኒት ሁሉ ተቋርጦ በሽታው ዝም አለ። በ20ኛው አንድ ሰው እጥበት እንኳ በማይዳረስበት አገር ይህን ማውራት በቁስል ላይ እንጨት መስደድ ነው ብሎ በኃይል ተቃወመ። ብስጭቱን እጋራለሁ። ዜናው ግን ለእኛም ቁም ነገር አለው፤ ክቡ በቢ ሕዋስ በኩል ሲቆረጥ ሊቆም እንደሚችል በሰው ላይ ታይቷል፤ እኅቴ በየቀኑ የምትውጠው ማይኮፌኖሌትም የሚነካው ያንኑ በር ነው።

21ኛው የሦስተኛው ጥያቄዬ መልስ ነው፤ የባሕር ዳሩ ሐኪም ጻፉት። ተላላፊ በሽታ የመያዝ አደጋው እውነተኛ ነው፤ አልሸሸጉትም። ሳል ከሁለት ሳምንት ካለፈ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ፣ ትኩሳት በመጣ ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንጂ ማደር የለም። ከመድኃኒቱ በፊትም ሰገራ እንዲመረመር መከሩ፤ ስትሮንጂሎይድስ የተባለው በባዶ እግር ከአፈር የሚገባ ትል፣ በፕሬድኒሶሎን ጊዜ ሰውነትን ሁሉ ሊወርር ስለሚችል ነው።

በ22ኛው የቡሬው ነጋዴ ተመልሰው መጡ። 3ኛውንና 16ኛውን መልስ ለአክስታቸው ልጅ እንዳነበቡላት፣ ሽንኩርቱንና ማሩን እንደ ምግብ እንጂ እንደ መድኃኒት እንደማያዝዙ ጻፉ። ጥቁር አዝሙዱን ግን አልተዉም፤ ጉዳቱ ካልታየ ምን ያደርጋል አሉ። በዚህ አልተስማማንም፤ ሐኪሟን ሳትጠይቅ አትጨምርበት የሚል ነው የእኔ አቋም።

ከዚህ በኋላ የጻፍኩት የእኅቴን ጥያቄ ነው። እኅቴ ሁሉንም መድኃኒት ከመስከረም ጀምሮ ሐኪሟ ባስተካከለላት መጠን ትወስዳለች፤ በሽንት መመርመሪያው ወረቀት ሦስት መስቀል የነበረው ፕሮቲን አንድ ሆኗል። ሁለት ነገር ጠየቀች፤ ይህ መድኃኒት መቼ ያበቃል? ዘንድሮ አጨዳ ልውጣ? 23ኛው መልስ የሐኪሙ ነበር። ለምድብ 3 እና 4 የሕክምናው ጠቅላላ ጊዜ ቢያንስ 36 ወር ነው፤ ኩላሊቱ ከረጋ በኋላ ሽንትና ደም እየታየ ቀስ በቀስ ይወርዳል፤ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ግን ከዚያም በኋላ ይቀጥላል። አጨዳውን በተመለከተ ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ከፀሐይ እንድትርቅ፣ እጅጌ ረዥም ልብስ ለብሳ ሰፊ ባርኔጣ እንድታደርግ ነገሯት። ደቦው ሲጠራ ነዶ መሸከሙ ለሌላ ሰው ተሰጥቶ፣ እሷ በማለዳ ወጥታ ፀሐይ ሳይበረታ ወደ ጥላ እንድትመለስ እናቴ ከጎረቤቶቹ ጋር ተነጋግራለች። ቀጠሮዋ ኅዳር 15 ነው፤ የሲ3ንና የሽንቱን ውጤት እዚሁ ክር ላይ እጽፋለሁ።